መምህር ይመር ያልጻፉት መጨረሻ

የመምህር ይመርን ሞት የነገረኝ የባጃጅ ሹፌር ነው። ከሲሪንቃ ወደ መርሳ ስመለስ በመስታወቱ ሁለት ሦስቴ አየኝና፣ «አንቺ የኮፒ ቤቷ ብርቄ አይደለሽም?» አለኝ። ነኝ አልኩት። «መምህር ይመር አረፉ እኮ። ለሱብሒ ሶላት ሲነሡ ወድቀው በዚያው ቀሩ። ከዙሁር በኋላ ይቀበራሉ። እኔንም አስተምረውኛል።»

እኔንም፣ ልለው አፌን ከፈትኩና መልሼ ዘጋሁት። ክፍል ውስጥ አስተምረውኝ አያውቁም። ደግሞም ከመሞታቸው በፊት ሁለት ዓመት ሙሉ አላነጋገሩኝም ነበር።

የእስላም ቀብር ላይ ሴት አይወጣም። ስለዚህ በዚያ ቀን መቅረቴን ማንም አልታዘበኝም። ሱቄን ከውስጥ ዘግቼ ተቀመጥኩ። የቀብሩ ሰው በአስፋልቱ ሲያልፍ ድምፁን ሰማሁ፤ ብዙ ነበር። የቀረሁት ለወጉ ብዬ እንዳልሆነ የማውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

መምህር ይመርን መጀመሪያ ያወቅኋቸው በሱቄ ሰሌዳ ነው። መርሳ አስፋልቱ ዳር፣ ከማሽላ ነጋዴና ከጫማ ሻጭ መሐል ትንሽ ክፍል ተከራይቼ አንድ ኮምፒውተርና አንድ የኮፒ ማሽን አስገባሁ። ሰሌዳውን የጻፈልኝ ሠዓሊ «ማኅተም እናስቀርጻለን» ማለት ሲገባው ቸኩሎ «ማኅተም እናስቀራለን» ብሎት ሄደ። እኔም አላየሁትም። በማግስቱ ጠዋት አንድ ረጅም ቀጭን ሰውዬ፣ የደረት ኪሳቸው ውስጥ ቀይና ሰማያዊ እስክሪብቶ የሰኩ፣ እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከሰሌዳው ሥር ቆሙ። እንደ ተማሪ ፊደል እየለዩ ጮክ ብለው አነበቡት።

«ማ-ኅ-ተም እ-ና-ስ-ቀ-ራ-ለን። አሰላሙ ዓለይኩም። የማንን ማኅተም ነው የምታስቀሩት? ጉዳይ የሚያጉላላውን ሹም ከሆነ እኔም አግዛችኋለሁ።»

ጫማ ሻጩ ሳቀ። እኔ ተናደድኩ። በማግስቱም መጡ፣ በማግስቱም። በዘጠነኛው ቀን ወንበር ላይ ወጥቼ በራሴ ቀለም አስተካከልኩት። በአሥረኛው ቀን መጡና አነበቡት፤ ምንም ሳይሉ ገብተው የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎቻቸውን የአማርኛ ፈተና እንድጽፍላቸው አስረከቡኝ። ከዚያ ወዲህ ሌላ ኮፒ ቤት አልሄዱም።

እንዲህ ያሉ ሰው ነበሩ። ቀዩ እስክሪብቶ ሥራ ፈትቶ አያውቅም። ዕድር የለጠፈውን ማስታወቂያ ቆመው ያርማሉ። አንድ ጊዜ የተላከላቸውን የሠርግ ጥሪ አርመው ለሙሽራው አባት መለሱለት፤ ሠርጉም ላይ ተገኝተው እስከ መጨረሻው በሉ፣ ጨፈሩ። ሰው «ነገረኛ» ይላቸው ነበር፤ ግን ማመልከቻ ማስጻፍ የፈለገ ሁሉ መጀመሪያ የሚፈልገው እሳቸውን ነው። ሚስት አላገቡም። ጉልበታቸውን ከታመሙት ታላቅ እህታቸው ከእትዬ ዘሃራ ጋር፣ ከመስጊዱ በታች ባለ ቤት ይኖሩ ነበር።

እኔ በተበላሸ ወረቀት ጀርባ መሳል እወዳለሁ። አንድ ቀን ፈተናቸውን ሊወስዱ ሲመጡ ከቅርጫት ውስጥ አንዱን አነሡ። የሰው እጅ ያለው ጅብ ነበር።

«ማን አስተማረሽ?» አሉኝ።

«ማንም።»

«ያስታውቃል» አሉ። አጣጥፈው ግን ኪሳቸው ከተቱት። በማግስቱ አንድ ደብተር ይዘው መጡ። ውስጡ በወረዳችን በሐብሩ የማያውቀው ሽማግሌ የሌለ አስፈሪ የድሮ ታሪክ በሰማያዊው እስክሪብቶ ተጽፏል። ለማያውቀው ሰው ባጭሩ ልንገር። ኑሮው የተደላደለ አንድ ቤተሰብ ነበር። አንድ አውሬ መጀመሪያ ፍየል፣ ቀጥሎ ጥጃ፣ በመጨረሻ ሕፃን ልጅ ይወስድባቸዋል። አጥሩን ያጠብቃሉ፣ እሾህ ይደርባሉ። በየምሽቱ የቤቱ ታላቅ ወንድም በሩን ዘግቶ፣ መቀርቀሪያውን አጥብቆ ይተኛል። አውሬው ግን አይቀርም። አንድ ማለዳ ዓይናቸው የደከመ አሮጊት እናት ደጁን በእጃቸው ሲዳብሱ ኮቴ ያገኛሉ። ኮቴው ከቤት የሚወጣ እንጂ ወደ ቤት የሚገባ አይደለም። ያ አውሬ ለካ በየምሽቱ በሩን የሚዘጋላቸው ሰው ነው።

«ልጆቼ መጽሐፍ ትተው ስልክ ላይ አፍጥጠው ይውላሉ» አሉኝ መምህር ይመር። «እየተቆጣሁ ደከመኝ። እንግዲያውስ ስልኩ ውስጥ እንግባላቸዋ!»

በስልክ የሚነበብ፣ በጣት ወደ ላይ እየተገፋ የሚሄድ፣ አንዳንዱ ሥዕል የሚንቀሳቀስና ድምፅ የሚያወጣ ታሪክ እንዳለ ነገርኳቸው። ዌብኮሚክ ይሉታል አልኩ። «ስሙን ተዪው፣ ይሠራል ወይ?» አሉ። ስድስት ክፍል እናድርገው ተባባልንና «በሩን የሚዘጋው» ብለን ጀመርነው።

ቅዳሜ ከሰዓት ከሰዓት ነበር የምንሠራው። እሳቸው ገጸ ባሕርያቱ የሚናገሩትን ቃል ይጽፋሉ፣ እኔ እስላለሁ። መሳያ መሣሪያ ስላልነበረኝ በወረቀት ስዬ በስልክ አነሣና ኮምፒውተሩ ላይ እቀባዋለሁ። ከሁሉ አብዝተው የሚሉኝ አንድ ቃል ነበር፤ «ቀንሺ።» ፍየሏ የተወሰደችበትን ሥዕል በደም አጥለቅልቄ አሳየኋቸው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ደም ነው መምህር።»

«ፍየሏ መሞቷን አንባቢው አያውቅም? ደም የሚያሳይ ሰው ሌላ የሚያሳየው ያጣ ነው። ባዶውን ገመድ ሳዪልኝ።»

ባዶውን ገመድ ሳልኩ። ከዚያ ገጽ ሁሉ የሚንቀሳቀሰው እሱ ብቻ ነበር፤ ትንሽ ወዲህ፣ ትንሽ ወዲያ። ራሴ የሠራሁትን ራሴ ፈራሁት።

የመቀርቀሪያውን ድምፅ ፍለጋ ደግሞ መርሳን ዞርን። የዛሬ በር ሁሉ ቆርቆሮ ነው፤ እሳቸው የሚፈልጉት እንጨት እንጨትን ሲፍቅ የሚያወጣውን ድምፅ ነው። በመጨረሻ አንድ ወፍጮ ቤት ጓሮ ያለ አሮጌ በር አገኘን። እኔ ስልኬን ደቅኜ፣ እሳቸው ሃያ ጊዜ ያህል ከፈቱ፣ ዘጉ። የወፍጮው ባለቤት ዱቄት እንደለበሱ ወጥተው፣ «መምህር፣ ደኅና ነዎት?» አሏቸው። «አውሬ እየፈለግን ነው፤ ካለ አይደብቁን» አሉ መምህር ይመር። ሰውየው አንዴ እኔን አንዴ እሳቸውን አይተው ተመልሰው ገቡ።

የአሮጊቷን ድምፅ እትዬ ዘሃራ እንዲሆኑልን ለመንናቸው። መጀመሪያ፣ «በስተርጅና የሰይጣን ተረት ስናገር ልገኝ? ሐራም አይሆንም?» ብለው እምቢ አሉ። «ሐራሙ ውሸት ነው። ይሄ ውሸት አይደለም፣ ተረት ነው» አሏቸው ወንድማቸው። ማንበብ ስለማይችሉ ቃሉን በጆሯቸው ነገሯቸው። እትዬ ዘሃራ መደባቸው ላይ እንደተቀመጡ፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው፣ አንድ ጊዜ ብቻ ተናገሩት።

«ልጆቼ፣ ኮቴው ይገባል ብዬ ነበር። ኮቴው ይወጣል እንጂ አይገባም!»

ድጋሚ እንቅዳው የሚል ሰው አልነበረም።

ሦስቱን ክፍል በቴሌግራም ለቀቅን። ያን ያህል ሰው ያየዋል ብለን አልጠበቅንም። ከሐራ አንድ ነጋዴ በድምፅ መልእክት ላኩ፤ «መምህር፣ ልጆቼ ከመሸ ሽንት ቤት አንሄድም ብለውኛል፤ አውሬው ማን እንደሆነ ቶሎ ይንገሩልኝና ልገላገል!» መምህር ይመር ይህን እየደጋገሙ አስከፍተው እንባቸው እስኪወርድ ሳቁ። እሳቸው እንዲያ ሲስቁ ያየሁት ያኔ ብቻ ነው። ታሪኩን የሚያውቁት ሽማግሌዎች እንኳ መጨረሻውን ላለማበላሸት አፋቸውን ይዘው ነበር። አራተኛው ክፍል ግማሽ ላይ ሲደርስ ጦርነቱ መጣ።

ክረምት ነበር። ከወልድያ በኩል የሚመጣው ሰው በዛ፤ ከዚያ ወልድያም በትግራይ ታጣቂዎች ተያዘች ተባለ። እኔ እናቴን ይዤ በአይሱዙ ወደ ደሴ ለመሄድ ቦታ አገኘሁ። ልሰናበታቸው ሮጥኩ። መምህር ይመር ደጃቸው ላይ ቆመው መንገደኛውን ይመለከታሉ።

«ቦታ አለ መምህር፣ ይምጡ» አልኳቸው።

«ዘሃራ መራመድ አትችልም። ተሸክሜያት ውርጌሳ እንኳ አልደርስም።» ከዚያ ገብተው ደብተሩን አመጡልኝ። ሥዕሉና ድምፁ ያለበት ዲስክ እኔ ጋ ነበር። «ሁሉንም አንቺ ያዢው። እኔ ጋ ካለ ይወሰዳል። አንቺ ጋ ካለ ግን ይቆያል።»

ቃላቸው ይኸው ነው። አንድም አልጨመርኩበትም፣ አልቀነስኩበትም።

ስለ ራሴ መንገድ ብዙ አልናገርም። ደሴም ሲያሰጋን ወደ ደብረ ብርሃን ሄድን፤ እናቴ እዚያ መጠለያ ውስጥ አረፈች። ስሟን በማያውቁ ሰዎች እጅ ተቀበረች። ይህን የምናገረው እንዲታዘንልኝ አይደለም፤ ኋላ ያደረግሁትን ሳደርግ ልቤ ምን ይመስል እንደነበር እንዲታወቅ ነው።

ታኅሣሥ ላይ መንገዱ ሲከፈት ተመለስኩ። ሱቄ ባዶ ነበር፤ ኮምፒውተሩም፣ ኮፒ ማሽኑም፣ ወንበሩ ሳይቀር ሄዷል። መምህር ይመርን ቤታቸው አገኘኋቸው። ከስተዋል። ስናገር ፊታቸውን ወደ ግድግዳው የሚያዞሩ መሰለኝ፤ ለካ ቀኝ ጆሯቸውን ወደ እኔ እያስጠጉ ነው። ታጣቂዎቹ ቤቱን ሲፈትሹ በጠመንጃ ሰደፍ ግራ ጆሯቸውን መትተዋቸው፣ ከዚያ ወዲህ በዚያ በኩል አይሰሙም።

ስለዚያ ብዙ አላወሩኝም። አንድ ነገር ግን ደጋግመው ያወሩ ነበር። ታጣቂዎቹ ትምህርት ቤቱን በርብረው የሚፈልጉትን ወስደው ከሄዱ በኋላ፣ አንድ ጠዋት በመስኮት ሲያዩ፣ ራሳቸው ያስተማሩት የሰፈር ሰው የቤተ ሙከራውን ማይክሮስኮፕ በትከሻው ተሸክሞ በደጃቸው ያልፋል።

«አየኝ እኮ» አሉኝ። «አየኝና ቆመ። አልደነገጠም። ‹እንደምን አደሩ መምህር› አለኝ። አማርኛው ደግሞ ጥሩ ነው፤ እኔ ነኝ ያስተማርኩት።»

በዚያ ክፉ ወቅት እርስ በርሱ የተደባበቀ፣ ያለውን የተካፈለ ሰው መርሳ ውስጥ ብዙ ነበር። እሳቸውም ይህን አልካዱም፤ እሳቸውንና እትዬ ዘሃራን ያቆያቸው የጎረቤት ሽሮ ነው። ይህ ሰውዬ ግን ከአእምሯቸው አልወጣም። ኋላ ሕዝቡ ሲመለስ ለሁሉም ሰው «እንኳን አተረፋችሁ» እያለ ሲዞር አይተውታል። «ታሪኩ አሁን ገና ገባኝ» አሉኝ። «ብርቄ፣ መጨረስ አለብን።»

በምን እንጨርሰው? ከደብተሩና ከዲስኩ ሌላ ስልክና የተሰባበረ እርሳስ ብቻ ነበር የቀረኝ። በዚህ መሐል ስልክ ተደወለልኝ። አዲስ አበባ ሆኖ ብዙ ተከታይ ያለው የኢንተርኔት ገጽ የሚመራ ሰው ነው። ሦስቱን ክፍል አይቷል፤ እነሱንና ቀሪውን በአንድ ላይ በሙሉ አኒሜሽን ሠርተሽ አምጪ፣ እኔ አወጣዋለሁ አለኝ። ኮምፒውተርና መሳያ ሰሌዳም እልካለሁ አለ። አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ። ወደ መምህር ይመር ሄጄ ነገርኳቸው።

«አውሬው ከአጥር ውጭ እንዲመጣ ነው የሚፈልገው።»

ቀኝ ጆሯቸውን አስጠጉ። «ከየት?»

«ከውጭ፣ ከወንዝ ማዶ። ቦት ጫማ እንዲያደርግ፤ አነጋገሩም እንዲለይ። ታላቅ ወንድምየው ደግሞ በሩን ሲጠብቅ የሚሠዋ ጀግና እንዲሆን።»

«እኔን የመታኝን ሰው አላጣሁትም ብርቄ። ከየት እንደመጣ አውቃለሁ፤ ጆሮዬን ወስዶ ሄዷል። እሱን ለመክሰስ ተረት አያስፈልገኝም። ዳኛ ከተገኘ ለዳኛ እናገራለሁ። ይሄ ታሪክ ግን የሱ አይደለም። የኛ ነው።»

«ሰው ግን አሁን ያንን መስማት አይፈልግም መምህር።»

«ታሪኩ ውስጥም እኮ አልፈለጉም። ልጃቸው የተበላው ለምን ሆነና!»

«ኮምፒውተሩ ከመጣ ሥራ እንጀምራለን። እኔም ሱቄን እከፍታለሁ።»

«ይቅርብን። በወረቀት ሠርተን ትምህርት ቤቱ ግድግዳ ላይ እንለጥፈዋለን። ግድግዳው እንደሆነ አልተወሰደም።»

እሺ ብዬ ወጣሁ። በሳምንቱ ወደ አዲስ አበባ ደውዬ እሠራለሁ አልኩት።

የኮምፒውተሩ ነገር ብቻ ነው ብል ውሸት ይሆንብኛል። እናቴ የሰው አገር አፈር ውስጥ ናት። አንድ ሰው እንዲጠላልኝ እፈልግ ነበር። ለአውሬው ቦት ጫማ አደረግሁለት። የፍየሏን ደም መለስኩት፤ የሕፃኑንም ጨመርኩ። ቀንሺ የሚለኝ አልነበረም። የእትዬ ዘሃራ ድምፅ ጋ ስደርስ ብቻ ቆምኩ። «ልጆቼ፣ ኮቴው ይገባል ብዬ ነበር። ኮቴው ይወጣል እንጂ አይገባም!» ይላል። አዳመጥኩት፤ ደግሜ አዳመጥኩት። ከዚያ «ልጆቼ፣ ኮቴው ይገባል» የሚለውን ብቻ አስቀርቼ ሌላውን ቆርጬ ጣልኩት። ሥራው ቀላል ነው፤ ሁለት ጊዜ መጫን ብቻ ነው። መጨረሻው ላይ በትልቁ «ደራሲ፦ መምህር ይመር» ብዬ ጻፍኩ። ክብር የሰጠኋቸው መስሎኝ ነበር። ወይም እንዲመስለኝ ፈልጌ ነበር።

ጦርነቱ ገና አላለቀም፤ የሰው ልብ እንደ እሳት ነበር። ፊልሙ በወጣ በጥቂት ቀን ውስጥ ያላየው ሰው ጠፋ። መምህር ይመርን መንገድ ላይ እያስቆሙ እጃቸውን ይጨብጧቸው ጀመር። እሳቸው መጀመሪያ ስለምን እንደሆነ አላወቁም፤ ዘመናዊ ስልክ የላቸውም። ያወቁት ክፍል ውስጥ ነው። ከሚያስተምሯቸው መሐል አባቷ የትግራይ ሰው፣ እናቷ የዚሁ የመርሳ ሰው የሆነች ዝምተኛ ልጅ ነበረች። በክፍሏ ከሁሉ የተሻለ አማርኛ የምትጽፈው እሷ ናት ይሉኝ ነበር። አንድ ጠዋት ልጅቱ ስትገባ ከኋላ ወንበር ያሉት ልጆች መሬቱን በእግራቸው መደብደብ ጀመሩ። ከአንዱ ስልክ የእህታቸው የእትዬ ዘሃራ ድምፅ ወጣ፤ «ልጆቼ፣ ኮቴው ይገባል።» ክፍሉ በሳቅ ሞላ። ልጅቱ ቦርሳዋን ከትከሻዋ ሳታወርድ ተመለሰች። ከዚያ በኋላ ትምህርት ቤት አልመጣችም።

መምህር ይመር ከዚያ ክፍል በቀጥታ ወደ እኔ መጡ። ገና ጠዋት ነበር፤ አዲሱ ኮምፒውተር ፊት ተቀምጬ ነበር። አሰላሙ ዓለይኩም አላሉም። ወንበር ስበው ቀኝ ጆሯቸውን ወደ ድምፅ ማጉያው አዞሩና፣ «ክፈቺው» አሉኝ። ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ አዩት። ደሙ ጋ ሲደርስ ፊታቸውን አልመለሱም። የእህታቸው ድምፅ ጋ ሲደርስ ዓይናቸውን ጨፈኑ። መጨረሻ ላይ ስማቸው ወጣ።

«ይሄ ማን ነው?» አሉ።

«እርስዎ ነዎት መምህር።»

«እኔማ እዚህ ተቀምጫለሁ።»

ማልቀስ ጀመርኩ። እናቴን ጠቀስኩ፤ ሱቄን ጠቀስኩ። ሁሉንም በትዕግሥት ሰሙኝ። ከዚያ ተነሡ።

«ሌባ ከሰው ቤት ዕቃ ይወስዳል ብርቄ። አንቺ ግን የእኔ ያልሆነውን አምጥተሽ ቤቴ አስቀመጥሽብኝ። የተወሰደውንስ አላህ ይተካል። ይህን የት አደርገዋለሁ?»

ያን ዕለት ወደ አዲስ አበባ ደውዬ አውርደው አልኩት። ሳቀብኝ። «እህቴ፣ አገር እያየው ነው እኮ!» አለ። ስማቸውን ብቻ እንኳ አውጣልኝ አልኩት። እሺ አለ፤ አላወጣውም። ኋላ ስልኬንም ማንሣት ተወ። ፊልሙን ከገጹ ላይ ሌላው ወሰደው፣ ከሌላው ሌላው።

መምህር ይመር ወደ ልጅቷ ቤት ሁለት ጊዜ ሄደው እንደነበር ሰምቻለሁ። እናትየዋ ወንበር ሰጥታቸው፣ ውኃ አቀረበችላቸው፣ አንድም ቃል ሳትናገር ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች። ሁለተኛ ጊዜ ሲሄዱ ቤተሰቡ ከመርሳ ለቆ ነበር፤ የት እንደገባ የሚነግራቸው ሰው አላገኙም። በየቢሮው፣ በየሻይ ቤቱ፣ «ያንን የጻፍኩት እኔ አይደለሁም» ሲሉ ሰውየው ትሑት ናቸው ተባለ። ሌላው ደግሞ፣ «ፈርተው ነው፤ ያ ጦር እንዳይመለስ» አለ። በቀይ እስክሪብቶ የማይታረም ነገር ገጠማቸው።

ከእኔ ጋር አልተጣሉም። አልሰደቡኝም፣ ለሰውም አላሙኝም። ዝም ብቻ አሉ። በሱቄ በኩል ያልፉ የነበሩት ሰውዬ የአስፋልቱን ማዶ ያዙ። የተማሪዎቻቸውን ፈተና ኮፒ ለማስደረግ ሚኒባስ ተሳፍረው ወልድያ ድረስ ይሄዱ ጀመር፤ ወረቀታቸውን በላስቲክ ጠቅልለው መናኸሪያው ላይ ቆመው አያቸው ነበር። ጦርነቱ እንደገና ሲያገረሽ፣ ቆቦ ተያዘ ተብሎ መርሳ ስትታመስ፣ መናኸሪያው ላይ ፊት ለፊት ተገጣጠምን። ለእትዬ ዘሃራ መኪና እየፈለጉ ነበር። «መምህር፣ እኔ ቦታ ላግኝላቸው» አልኳቸው። አዩኝ። ከዚያ ቀስ ብለው ፊታቸውን አዙረው ግራ ጆሯቸውን ሰጡኝ። የማይሰማውን። የምናገረውን ሁሉ ተናግሬ እስክጨርስ እንዲያ ቆሙና ሄዱ።

እሳቸው በሞቱ በሦስተኛው ቀን ወደ ተዕዚያው፣ ወደ ኀዘን ቤታቸው፣ ሄድኩ። ግቢያቸው ውስጥ ሸራ ተወጥሯል፤ ወንዶቹ አግዳሚ ላይ ተቀምጠዋል። እኔ በጓሮ ዞሬ ሴቶቹ ወዳሉበት ክፍል ገባሁ። እትዬ ዘሃራ መደባቸው ላይ ነበሩ። ያባርሩኛል ብዬ ነበር፤ ከጎናቸው ቦታ አሳዩኝ።

ውጭ አንድ ሰው ማይክሮፎን ይዞ መናገር ጀመረ። የድሮ ተማሪያቸው ነው፤ አሁን ቀበሌ ውስጥ ይሠራል። መልካም ተናጋሪ ነው። የሟቹን አስተማሪነት አወራ፣ የሰውን ፊደል ማረማቸውን እያነሣ ሕዝቡን ፈገግ አሰኘ። ከዚያ ድምፁን ከፍ አደረገ። «ከሁሉም በላይ ግን መምህራችን ሲታወሱ የሚኖሩት በዚያ ፊልም ነው። አንድ ጆሯቸውን ያጡት ሰው በብዕራቸው ጠላትን ለዓለም አሳይተዋል። አላህ በጀነት ያኑራቸው!» ሸራው ሥር ያለው ሁሉ «አሚን» አለ።

እትዬ ዘሃራ ወደ እኔ ዞሩ። «ብርቄ፣ እውነቱን ታውቂያለሽ አይደል?»

«አውቃለሁ እትዬ።»

«እንግዲያው ውጪና ንገሪያቸው። እኔ ጉልበት የለኝም። ብናገርም አሮጊት ኀዘን አናወዛት ይሉኛል። አንቺን ግን ያምኑሻል።»

ተነሣሁ። ወጥቼ ወንዶቹ ፊት ቆምኩ። ተናጋሪው አየኝና ማይክሮፎኑን ሳያወርድ፣ «እነሆ፣ ሥዕሉን የሠራችው እህታችን!» አለ። ሰው ሁሉ ዞረ። የወፍጮው ባለቤት ከተቀመጡበት ብድግ ብለው ቦታቸውን ለቀቁልኝ። አንድ ሽማግሌ፣ «እጅሽ ይባረክ ልጄ፤ አንቺና እሳቸው ባትኖሩ ኖሮ የኛን በደል ማን ያውቅ ነበር?» አሉኝ። ተናጋሪው ማይክሮፎኑን ወደ አፌ አቀረበልኝ።

የማውቃቸውን ፊቶች ሁሉ አየሁ። ልጁ የሞተበት አለ፤ ቤቱ የተቃጠለበት አለ። ከኋላው ረድፍ ደግሞ ማይክሮስኮፑን የተሸከመው ሰውዬ ነጭ ቆብ አድርጎ ተቀምጧል፤ እንደ ሌላው ሁሉ አዝኖ ያየኛል።

«እግዜር ያጥናችሁ» አልኩ።

ሌላ አልተናገርኩም። ተመልሼ ገባሁ። እትዬ ዘሃራ ሁሉንም ከመደባቸው ሰምተዋል። ምንም አልጠየቁኝም። ጎረቤት ያመጣውን ንፍሮ በሰሐን ቆንጥረው ወደ እኔ ገፋ አደረጉልኝ።

በላሁ።